የሰባተኛው ፎቅ አሸዋ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ፣ ከፎርት ግሪን ፓርክ ፊት ለፊት ባለ 12 ፎቅ ግዙፍ ሕንፃ አለ። ከሩቅ ላየው ሰው ፋብሪካ ይመስላል፤ አናቱ ላይ የቆመው የሬዲዮ ማማ ደግሞ ማሠራጫ ጣቢያ ያስመስለዋል። ሕንፃው ግን ትምህርት ቤት ነው። ሙሉ ስሙ ብሩክሊን ቴክኒካል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን ተማሪዎቹ «ቴክ» ብለው ይጠሩታል። ወደ 6 ሺህ ገደማ ልጆች ይማሩበታል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ ክፍያ የለውም፤ በሩን የሚከፍተው አንድ የመግቢያ ፈተና ነው። ገብተው ሁለት ዓመት የተማሩ ልጆች በቀሪው ሁለት ዓመት የሚያተኩሩበትን ሙያ ይመርጣሉ፤ አርክቴክቸር፣ የኤሮስፔስ ምህንድስና፣ ሶፍትዌር፣ ሕግ፣ የሕክምና ሳይንስ እያለ ምርጫው ይቀጥላል።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚወራው ሁልጊዜ ተቆራርጦ ነው። አንዱ የኖቤል ተሸላሚዎቹን ይጠራል። ሌላው ስለ መግቢያ ፈተናው ክርክር ይናገራል። ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመሬት ያን ያህል ከፍ ብሎ፣ ወለሉ አሸዋ የሆነ የብረት ማቅለጫ ክፍል እንደነበረ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ለእኔ የትምህርት ቤቱ ታሪክ የሚጀምረውም የሚታሰረውም እዚያ አሸዋ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1876–1917፦ ተግባረ ዕድ

በ1876 አሜሪካ የነፃነቷን መቶኛ ዓመት ፊላደልፊያ ላይ በታላቅ ዐውደ ርዕይ አከበረች። የሞስኮ ኢምፔሪያል የቴክኒክ ትምህርት ቤት የላከው ዕቃ ከዐውደ ርዕዩ ዕቃዎች ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነበር፤ በሰሌዳ ላይ በተራ የተደረደሩ የእንጨት መጋጠሚያዎች፣ በሞረድ የተስተካከሉ ብረቶች፣ በቶርኖ የተጠረቡ ዘንጎች። ቁም ነገሩ ያለው ግን አደራደሩ ላይ ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ ሙያ የሚለመደው ከአንድ ባለሙያ ሥር ተጠግቶ፣ ዓመታት እየተላላኩና እያዩ ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቪክቶር ዴላ ቮስ ሙያውን ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ ከፋፍሎ፣ ልክ እንደ ሒሳብ ትምህርት፣ ለብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ አድርጎት ነበር።

የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) ፕሬዚዳንት ጆን ራንክል ያንን ሲያይ ተማረከ። በሴንት ሉዊስ ከተማ ደግሞ ካልቪን ዉድዋርድ የተባለ የሒሳብ ምሁር በዚሁ መንገድ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በ1880 ከፈተ። ዉድዋርድ ይህን ትምህርት የጠራበት ስም ቃል በቃል ሲመለስ በእኛ ቋንቋ «ተግባረ ዕድ» ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አንጋፋ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የምንጠራበት ስም ነው። የዉድዋርድ ዓላማ አናጢና ቀጥቃጭ ማፍራት ብቻ አልነበረም። በእጁ የማይሠራ ልጅ አእምሮውም ሙሉ አይሆንም ብሎ ያምን ነበር። በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ሐሳቡ በየከተማው ተዛመተ፤ ብሩክሊንም «ማኑዋል ትሬይኒንግ» የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አቋቋመች።

ከዚያ በ1917 ትልቅ መታጠፊያ መጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት «ስሚዝ–ሂዩዝ» የተባለውን ሕግ አውጥቶ ለሙያ ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ መደበ። ገንዘቡ ብዙ ወርክሾፕ አቆመ፤ ግን የሙያ ትምህርትን ከቀለም ትምህርት ለይቶ ነበር ያቆመው። የሠራተኛ ልጅ ወደ ወርክሾፕ፣ የባለጸጋ ልጅ ወደ ላቲንና ወደ ኮሌጅ የሚሄድበት መንገድ ተጠረገ። ፈላስፋው ጆን ዱዊ ሕጉ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ይህን መለያየት አጥብቆ ሲቃወም ቆይቶ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የሆነውን ልጅ «አንተ የእጅ ሰው ነህ» ብሎ መፈረጅ ዕድሜ ልኩን የማይወጣበት አጥር ማጠር ነውና፣ እኔም በዚህ ጉዳይ ከዱዊ ጋር ነኝ።

1918–1929፦ በድልድዩ ሥር

በብሩክሊኑ ማኑዋል ትሬይኒንግ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አልበርት ኮልስተን ይባላል። በ1918 ለከተማዋ የትምህርት ቦርድ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ለብሩክሊን ወንዶች ልጆች የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይከፈት። ሒሳብና ሳይንስ ይጠንክር፣ የቴክኒክ ንድፍ የሁሉም ግዴታ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ከፈለገ ኮሌጅ ይግባ፣ ካልፈለገ ቀጥታ ወደ ኢንዱስትሪ ይሂድ። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ይሁኑና አንዱ ሌላውን አይዝጋ። በ1917ቱ ሕግ መንፈስ አገሪቱ ልጆቿን ለሁለት እየከፈለች በነበረበት ጊዜ የቀረበ ሐሳብ መሆኑን ስናስብ ክብደቱ ይገባናል።

ቦታውም ለሐሳቡ የተመቸ ነበር። የዚያን ጊዜዋ ብሩክሊን የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። በምሥራቅ ወንዝ ዳር የባሕር ኃይሉ መርከብ ማምረቻ አለ፤ ስኳር ማጣሪያው፣ የመጋዘኖች ሰልፍ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ብረታ ብረቱ በየሰፈሩ ነው። በማንሃተን ድልድይ መዳረሻ አካባቢ ለመርከብና ለአውሮፕላን አቅጣጫ መጠቆሚያ የሚያመርተው ስፔሪ ጋይሮስኮፕ ይሠራ ነበር። እነዚህ ሁሉ ንድፍ ማንበብ የሚችል፣ ሒሳቡን የሚያውቅ፣ ማሽኑንም የማይፈራ ሰው ይፈልጋሉ።

በ1922 ቦርዱ ሐሳቡን ተቀበለ። ትምህርት ቤቱ ፍላትቡሽ አቬኑ ኤክስቴንሽን ላይ ቀድሞ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ 2,400 ወንዶች ልጆችን ይዞ ተከፈተ፤ ኮልስተንም የመጀመሪያው ርእሰ መምህር ሆነ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ላይ ዛሬም ያለው ሥዕል የታወቀው የብሩክሊን ድልድይ ሳይሆን የማንሃተን ድልድይ ነው። መጋዘኑ የቆመው በእሱ ጥላ ሥር ስለነበር ልጆቹ በየጠዋቱ የሚያዩት እሱን ነው። ከእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ልጆች መካከል የሚቆጠረው ጆርጅ ዋልድ ኋላ የዓይንን የማየት ምሥጢር አጥንቶ በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

1930–1945፦ ባለ 12 ፎቁ ወርክሾፕ

መጋዘኑ ጠበበ። በ1930 ፎርት ግሪን ላይ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ተጣለ። ወቅቱ አክሲዮን ገበያው ወድቆ ሥራ አጥ በየመንገዱ የተሰለፈበት ቢሆንም ግንባታው አልቆመም። በ1933 ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ተጠናቀቀ። ከ3 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የእንጨት፣ የላሜራና የማሽን ወርክሾፖች፣ ብረት እስኪበጠስ ድረስ እየጎተተ ጥንካሬውን የሚለካ ማሽን ያለው ላቦራቶሪ፣ እነዚህን ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። በ1930ዎቹ መጨረሻም የከተማዋ ትምህርት ቦርድ ሬዲዮ ጣቢያ ከዚያው ሕንፃ ማሠራጨት ጀመረ።

የሕንፃው ልብ ግን ሰባተኛው ፎቅ ነበር። ኮልስተን የቀረጸው የትምህርት አካሄድ እዚያ ላይ ይፈተናል። አንድ ልጅ ትንሽ የማሽን ክፍል ሊሠራ ነው እንበል። መጀመሪያ ንድፍ ክፍል ገብቶ፣ እርሳሱን ቀርጾ፣ ከፊት፣ ከላይና ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ይስላል፤ ልኩን ይጽፋል። ቀጥሎ ወደ እንጨት ወርክሾፑ ይወርድና የሣለውን ከእንጨት ይጠርባል። እዚህ ላይ ከንድፉ ጥቂት ማስበለጥ አለበት፤ የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና፣ ምን ያህል እንደሚያስበልጥ የሚነግረው ሒሳቡ ነው። ከዚያ እንጨቱን ይዞ ወደ ማቅለጫው ይወጣል። እርጥቡን አሸዋ በሳጥን ውስጥ በእንጨቱ ዙሪያ እየወቀጠ ያጠብቃል፣ ሳጥኑን ለሁለት ይከፍላል፣ እንጨቱን ቀስ አድርጎ ያወጣል። እጁ ከተንቀጠቀጠ የአሸዋው ጠርዝ ይፈርሳል፤ ከፈረሰ እንደገና ነው። ፎርማው ከተሳካ የቀለጠው ብረት ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ አሸዋው ይፈረፈራል፤ ጥቁር፣ ሻካራ፣ ገና ያልተሞረደ ዕቃ ይወጣል። በመጨረሻ ማሽን ክፍል ገብቶ በቶርኖ ያስተካክለውና መጀመሪያ ራሱ በሣለው ንድፍ ላይ ካሰፈረው ልክ ጋር ያመሳክረዋል።

ልኩ ካልመጣ የሚወቅሰው ሰው የለውም። ስህተቱ የት ላይ እንደገባ፣ እርሳሱ ላይ ይሁን፣ እንጨቱ ላይ ይሁን፣ አሸዋው ላይ ይሁን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማግኘት የራሱ ሥራ ነው። የዚያ ትምህርት ቤት ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ኋላ ሐኪም የሆነውም የሕግ ባለሙያ የሆነውም ከዚያ ወለል የወሰደው ይህን ልማድ ነው።

መግቢያው ፎዬ ላይ ማክስዌል ስታር የተባለ ሠዓሊ፣ መንግሥት በድቀቱ ዘመን ለሠዓሊዎች ሥራ በሰጠበት መርሐ ግብር ተቀጥሮ፣ የሰው ልጅ በእጁና በአእምሮው የተጓዘውን መንገድ የሚያሳይ ታላቅ የግድግዳ ሥዕል ሣለ። ሥዕሉ በ1941 ተጠናቀቀ፤ በተከታዩ ዓመት ኮልስተን ጡረታ ወጣ።

1946–1968፦ የስደተኛው ልጅና የተዘጋው መርከብ ማምረቻ

አርኖ ፔንዚያስ በ1933 ሙኒክ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት ዓመት ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሕፃናትን ወደ እንግሊዝ በሚያሸሽ ባቡር ላይ ተጫነ። ወላጆቹ ኋላ ደረሱባቸውና በ1940 ኒው ዮርክ ገቡ። አባቱ የአፓርታማ ሕንፃ ጠባቂ ሆነ፤ ቤተሰቡ የሚኖረው እዚያው ነበር። እናቱ ካፖርት በሚሰፋ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ልጁ ቴክ ገባ፤ በ1951 ጨረሰና ያኔ ክፍያ ወደማይጠይቀው ሲቲ ኮሌጅ አለፈ። ከዓመታት በኋላ ኒው ጀርሲ ውስጥ ከሮበርት ዊልሰን ጋር በአንድ ትልቅ አንቴና ሲሠሩ ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ አልጠፋ አላቸው። መሣሪያውን ፈታተው፣ እርግቦች የጣሉበትን ኩስ ሳይቀር ጠርገው፣ ጥፋቱ ከእነሱ አለመሆኑን አረጋገጡ። ድምፁ አጽናፈ ዓለሙ ሲጀመር የተረፈ ጨረር ነበር፤ በ1978 የፊዚክስ ኖቤል አሸለማቸው።

እነዚያ ዓመታት የቴክ የክብር ዘመን ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ አሜሪካ ደነገጠች፤ በማግስቱ ዓመት ለሒሳብና ለሳይንስ ትምህርት ከፍተኛ ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ወጣ፤ በምህንድስና የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት የአገር መከታ ተደርጎ ይታይ ጀመር። ሕንፃው ውስጥ ለአውሮፕላን ጥገና መለማመጃ ከአየር ኃይል የተረፈ ቲ–6 ቴክሳን አውሮፕላን ነበር።

ግን ከሕንፃው ውጭ መሬቱ እየተናደ ነበር። ፋብሪካዎቹ ሰፊ ቦታና ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ከከተማዋ መውጣት ጀመሩ። በጦርነቱ ጊዜ ወደ 70 ሺህ ሰው ይሠራበት የነበረው የብሩክሊን ባሕር ኃይል መርከብ ማምረቻ በ1966 ተዘጋ። ከቴክ በእግር የሚደረስ ነው። «ከወርክሾፕ ቀጥታ ወደ ኢንዱስትሪ» የሚለው የኮልስተን ሁለተኛው መንገድ መድረሻውን አጣ። ቴክ ቀስ በቀስ በኮሌጁ መንገድ ብቻ የሚሄድ ትምህርት ቤት የሆነው ሰው ዕቅድ አውጥቶለት አልነበረም፤ የሰፈሩ ኢኮኖሚ ገፍቶት ነው።

1969–1976፦ በሩ

እስከዚህ ድረስ የተረኩት ሁሉ የወንዶች ታሪክ ነው። በ1969 መባቻ አሊስ ደ ሪቬራ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ፣ በከተማዋ ካሉት ምርጥ የሳይንስ ትምህርት ቤቶች አንዱ የሆነው ስታይቨሰንት ሴት አልቀበልም በማለቱ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ልጅቷ ትማር የነበረው ብሩክሊን ውስጥ፣ ጆን ጄይ በሚባል ትምህርት ቤት ነው፤ ኮልስተን ሐሳቡን ያፈለቀበት የድሮው ማኑዋል ትሬይኒንግ ስሙ ተቀይሮ ጆን ጄይ ተብሎ ነበር። ዳኛ ሳይፈርድበት የትምህርት ቦርዱ እጁን ሰጠ። በዚያው መስከረም ሴቶች ስታይቨሰንት ገቡ፤ በ1970 ደግሞ ቴክ። ከ48 ዓመት በኋላ ሴት ልጅ አሸዋውን ነካች።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። በ1971 የጥቁርና የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ልጆች በምርጥ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ለምን አነሱ፣ ፈተናውስ ያዳላል ወይ የሚል ቅሬታ ቀረበና የከተማዋ ትምህርት ኃላፊ ጉዳዩ እንዲጠና ወሰነ። ጥናቱ ገና ሳያልቅ ግን ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ተንቀሳቀሱ፤ ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ሄክትና ካላንድራ፣ ለግዛቲቱ ምክር ቤት ሕግ አቀረቡ፤ ጸደቀ። ሕጉ ብሮንክስ ሳይንስን፣ ስታይቨሰንትንና ብሩክሊን ቴክን በስም ጠርቶ መግቢያቸው የውድድር ፈተና ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ለጥቂት ነጥብ የወደቁ ችግረኛ ልጆች በክረምት ተምረው የሚገቡበት «ዲስከቨሪ» የተባለ ቀዳዳም ተወለት። የሚኒስትሪ ፈተና ያለፈ የእኛ አገር ሰው የአንድ ቀን ወረቀት የልጅን ዕድል ሲወስን ማየት አያስገርመውም። እዚህ የሚለየው የፈተናው ብቸኝነት በሕግ መታሰሩ ነው፤ ከንቲባ ሊቀይረው ቢፈልግ እንኳ አይችልም።

በዚያው ሰሞን በቀረው አሜሪካ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት እየተወለደ ነበር። ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው የሚማሩበትን ሥርዓት ለማፍረስ ፍርድ ቤቶች ልጆችን በአውቶቡስ ከሰፈር ወደ ሰፈር እንዲመላለሱ ሲያዝዙ ቁጣ ተነሣ። ታኮማ ከተማ በ1968 የተለየ መፍትሔ ሞከረች፦ በጥቁሮች ሰፈር ያለውን ትምህርት ቤት ሌላው የሚመኘው አድርጎ ማሻሻል፤ ልጁ ሳይገደድ ራሱ እንዲመጣ። ዳላስ በ1970ዎቹ መባቻ ስካይላይን የተባለውን ግዙፍ የሙያ ትምህርት ቤት፣ ሂውስተን በ1972 ከቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ጋር ሆና ለጤና ሙያ የሚያዘጋጅ ሁለተኛ ደረጃ ከፈተች። እንደ ማግኔት ስለሚስቡ «ማግኔት ትምህርት ቤት» ተባሉ፤ በ1976 የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ይመድብላቸው ጀመር። ቴክ ለግማሽ ምዕት ዓመት ሲያደርግ የኖረው፣ በሙያ የተከፋፈለ ትምህርትና ከመላው ከተማ የሚሰበሰብ ተማሪ፣ አሁን በመላ አገሪቱ የዘር መከፋፈልን ማከሚያ መድኃኒት ሆነ። ግን ማግኔቱ ለመቀላቀል ተብሎ ሲፈጠር የቴክ በር ደግሞ በሕግ በአንድ ፈተና ተቆልፎ ነበር። የኋላው ጠብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

1977–2004፦ ግማሽ የነበረው

ከተማዋ በ1975 ልትከስር ደርሳ በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን አባረረች፤ ውድ የሆኑት ወርክሾፖች ጫናው ከፋባቸው። አንዱ ሲዘጋ መማሪያ ክፍል፣ ሌላው የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ሆነ። የቀድሞ ተማሪዎች ነገሩን አይተው አልተቀመጡም፤ በ1980ዎቹ ድርጅት አቋቁመው ለትምህርት ቤታቸው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ በ2005 ደግሞ 21 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ ዘመቻ ከፈቱ።

ስለዚህ ዘመን ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከቴክ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ያው ፈተና ነበር የሚፈተኑት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ዓመት ከዓመት ወርዶ፣ በ2010ዎቹ ማብቂያ ከመቶ 6 ገደማ ደረሰ። ምን ሆነ? በጥቁሮች ሰፈር ጎበዝ ልጆችን ለይተው የሚያጠነክሩ የመለስተኛ ደረጃ ክፍሎች ከሰሙ። የዲስከቨሪ ቀዳዳም ጠበበ። ለፈተናው የሚያዘጋጁ የግል ማስጠኛ ቤቶች በዙ። ከእስያ የመጡ ስደተኛ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ድሆች ሆነው፣ ያላቸውን አሟጠው ልጆቻቸውን ለዚያ ቀን አዘጋጁ። ፈተናው ያው ነው፤ ወደ ፈተናው የሚያደርሰው መንገድ ግን ከአንዱ ሰፈር ጠፋ፣ በሌላው ሰፈር ተሠራ።

ከ2005 ወዲህ፦ ወለሉ ሲነሣ

በታኅሣሥ 2011 የሰባተኛው ፎቅ ማቅለጫ ተዘግቶ ውስጡ ተጠረገ። ቦታው የክብደት ማንሻ ስፖርት ክፍል እንዲሆን ተወሰነ። ለ78 ዓመታት የብረት ፎርማ ሲወጣበት የኖረው ክፍል እንዲህ አበቃ።

በ2018 ከንቲባ ቢል ደ ብላዚዮ ፈተናው ይቅርና ከየመለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከመቶ 7ቱ ምርጥ ተማሪዎች ይግቡ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ እስከዚያው የዲስከቨሪ ድርሻ ወደ መቀመጫዎቹ አንድ አምስተኛ ይስፋ አሉ። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጆች ያኔ ከመቶ 70 ያህሉ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ስለነበሩ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የእስያ ተወላጅ ወላጆችም ሰልፍ ወጡ፤ ልጆቻቸው በላባቸው ያገኙትን ሊነጠቁ መሆኑን ተናገሩ፤ ክስም መሠረቱ። ሁለቱም ወገን ስለ ድሃ ልጅ ነበር የሚናገረው፤ ሁለቱንም ሳዳምጥ ልቤ ይከፈላል። የ1971ዱን ሕግ መቀየር የሚችለው የግዛቲቱ ምክር ቤት ብቻ ነውና፣ ረቂቁ በ2019 ሳይጸድቅ ቀረ። በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የስምንተኛ ክፍል ልጆች አሁንም ለፈተናው ለሦስት ሰዓት ይቀመጣሉ።

ያለፉት ቴክ ሲገቡ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠብቃቸው አንድ ትምህርት አለ፦ ንድፍ። ቲ–ስኩዌሩና የተቀረጸው እርሳስ የሉም፤ ልጁ የማሽን ክፍሉን ከፊት፣ ከላይና ከጎን የሚያዞረው በኮምፒውተር ነው። ልኩን ያስገባል። ከዚያ ማተሚያው በቀጭኑ የቀለጠ ፕላስቲክ እየደራረበ ዕቃውን ያቆመዋል። ልጁ ገና ለብ እንዳለ አንሥቶ በእጁ ያገላብጠዋል፣ መለኪያውን ያስጠጋል፣ ልኩ አልመጣ ሲለው ወደ ንድፉ ይመለሳል።